ምስሉ ደህና ነው፤ ኩላሊቱስ?

ስፓይና ቢፊዳ ማለት በፅንስነት ጊዜ አከርካሪው በትክክል ሳይገጥም ሲቀር ነው። ብዙዎቻችን የምናስበው የመራመድ ችግሩን ነው። ከባዱ አደጋ ግን ከኩላሊት ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ፊኛ የሚሄዱት ነርቮች ስለተጎዱ በፊኛው ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ ሽንት ወደ ላይ ይገፋል፤ ኩላሊት ይለጠጣል፣ ጠባሳም ያወጣል። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ጥናት፣ ሽንት የሚያመልጠው ግፊቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲበልጥ ብቻ የሆነባቸው ልጆች ኩላሊት ለጉዳት እንደሚጋለጥ አሳይቷል። ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ ነው የሚያድገው።

ለዚህ ነው በየጊዜው አልትራሳውንድ የሚታዘዘው። ጨረር የለውም፣ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። እሱን አልነቅፍም። የምነቅፈው «ምስሉ ደህና ነው» የሚለውን «ኩላሊቱ ይሠራል» ብሎ መተርጎምን ነው።

ለምን? አልትራሳውንድ የሚያሳየው ቅርጽን ነው፤ ኩላሊቱ ደም ማጣራቱን አያሳይም። በአዋቂ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይቸገራል። ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ወደ ጥልቀት ሳይደርስ ይዳከማል፤ ጥልቅ የሚሄደው ደግሞ ዝርዝሩን ያደበዝዛል። የጎበጠ አከርካሪና የሆድ ስብ ሲጨመሩ ትናንሽ ጠባሳዎች በቀላሉ ያመልጣሉ። ሌላም አለ፦ ፊኛው ሞልቶ የተነሳና ባዶ ሆኖ የተነሳ ምስል አንድ አይደሉም። ሪፖርቱ ይህን ካልጻፈ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ማነጻጸር እንዴት ይቻላል?

«ታዲያ የደም ምርመራ አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። የተለመደው ክሬያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። እግሩ የሳሳ ሰው ጡንቻው ትንሽ ስለሆነ፣ ኩላሊቱ ተዳክሞም ቁጥሩ ጥሩ ሊመስል ይችላል። በጡንቻ ብዛት እምብዛም የማይወሰነው ሲስታቲን ሲ ይሻላል።

ጠባሳን ለማየት ዲኤምኤስኤ ስካን ይበልጣል። በደም ሥር የሚሰጠው ጨረር አመንጪ መድኃኒት በሚሠራው የኩላሊት ሥጋ ላይ ያርፋል፤ ጠባሳው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ የግራና የቀኝ ድርሻም ይለካል። ግን ጨረር አለው፣ የኒውክሌር ሕክምና ክፍልም ይፈልጋል፤ በየዓመቱ የሚደረግ አይደለም። ሲቲ ስካንም ለድንጋይ ጎበዝ ነው፤ ለዘወትር ክትትል ግን ጨረሩ ይበዛል።

ስለዚህ አንዱን መሣሪያ ንጉሥ አናድርገው። አልትራሳውንዱ ይቀጥል፤ የፊኛው ሁኔታ ይጻፍ፤ ካለፈው ምስል ጋር ይነጻጸር፤ ሲስታቲን ሲ ይታከል፤ ጥርጣሬ ሲኖር ዲኤምኤስኤ ይታዘዝ። ክትትል ላይ ያለ ወዳጅ ካላችሁ «ውጤቱ ምን አለ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ታየ?» ብላችሁ ጠይቁት።