ከቀለሙ ሥር ያለው ሙያ

ጅማ ላይ አሮጌ መኪና ማቆየት ከዝናብ ጋር መሟገት ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ይዘንባል፤ እሱም በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ወርዶ የሚያበቃ ሳይሆን ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነትና ወደ ቦንጋ የሚወስዱት መንገዶች ያሉበት ቀይ አፈር ደግሞ ሲረጥብ ይጣበቃል እንጂ አይራገፍም። ፓራፋንጎ ውስጥ የተለጠፈ ጭቃ ፀሐይ ከወጣ በኋላም እርጥበቱን ይዞ ላሜራው ላይ ይሰነብታል። በለቀማ ወቅት በዚህ ላይ የእሸት ቡና ጭማቂ ይጨመራል። ስኳርና አሲድ ያለበት ፈሳሽ ከጆንያው እየተንጠባጠበ በጭነት መኪናው ወለል ስንጥቅ ይገባል።

እንዲህ ባለ አገር ሃምሳና ስድሳ ዓመት የቆየ ላንድሮቨር ወይም ቮልስ ዛሬም ሲሄድ ካየን፣ ሞተሩን ከማድነቃችን በፊት አንድ ሰው በጀርባው ተንጋሎ ከሥሩ የሠራውን ሥራ ማድነቅ ይገባናል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ ያለውን ማዳን የፍቅር ብቻ ሳይሆን የኪስም ጉዳይ ሆኗል።

አብረቅርቆ ከጋራዥ የወጣ መኪና ሁሉ ታድሷል ማለት አይደለም። ዝገት ላይ ስቱኮ ተለጥፎ፣ ተፈግፍጎ፣ ቀለም ሲነፋበት ለፋሲካ ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል። ከሥሩ የቀረው ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከውስጥ እየገፋ ያሳብጠዋል። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲደርስ በሩ ሥር ትናንሽ እብጠቶች ይታያሉ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ጥሩ ባትላሜራ ሥራውን በጆሮው ይጀምራል። በትንሽ መዶሻ ከበሩ ሥር እስከ ወለሉ ጠርዝ ኳ ኳ እያደረገ ይሄዳል። ጤነኛ ላሜራ ጥርት አድርጎ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ በጠመኔ ይከብባል፤ ሲቆርጥ ግን ክቡ ላይ አያቆምም፤ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ አልፎ ይሄዳል። ስስታሙ ባለሙያ ጥቂት ዝገት ትቶ በላዩ ላሜራ ይደርባል። በሁለቱ መካከል የምትቀረው ክፍተት ውሃ የሚያድርባት ቤት ናት። ጎበዙ አዲሱን ላሜራ ከአሮጌው ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ያገጥማል። ሙቀቱ ላሜራውን እንዳያጣምመውም እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ ማዶ አንድ ነጥብ እያለ፣ እያቀዘቀዘ ይበይዳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በጅማ እርጥብ አየር የተፋቀ ብረት ገና በዕለቱ ቡናማ ጥላ ሊያጠላበት ይችላል። የእጅ ላብ እንኳ ጨው ስላለው አሻራውን በዝገት ያትማል። ስለዚህ በአኳራጅ ከተወለወለ በኋላ ብረቱ በባዶ እጅ አይነካም፤ አንቲረስቱም ለነገ አያድርም። ምኑ በምን ላይ እንደሚቀባ ማወቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዚንክ ያለበት ቀለም የሚሠራው ራሱን አስቀድሞ እያስበላ ብረቱን በማዳን ስለሆነ ንጹሕ ብረት መንካት አለበት፤ ዝገት ላይ ከተቀባ ገንዘቡ ባክኗል። ዝገትን ወደ ጥቁር ሽፋን የሚለውጠው አሲድነት ያለው ፈሳሽ ደግሞ በተቃራኒው ዝገት ካላገኘ ሥራ የለውም። ቀለም ከሹል ጠርዝ ላይ እየሸሸ ስለሚሳሳ፣ አዋቂ ሰው ከመንፋቱ በፊት ጠርዞቹንና የብየዳውን መስመር በብሩሽ ለብቻ ይቀባል። ተራ አንቲረስት ብቻውን ውሃ እንደሚያሳልፍም ያውቃል። መኪናው አንቲረስት ለብሶ፣ ዋናው ቀለም ሳይደርብበት ደጅ ከከረመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

እያንዳንዱ መኪና ዝገት የሚገባበት የራሱ መንገድ አለው። ቮልስ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ አሲዱ ወለሉን ይበላል። ላንድሮቨር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ የብረት እጥረት ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ሁለቱ በእርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ስለዚህ ብሎን ከማሰሩ በፊት በመካከላቸው ወፍራም ቀለም ወይም ስስ ላስቲክ የሚያስገባ ሠራተኛ ሥራው ገብቶታል። ሻንሲው ራሱ ውስጡ ባዶ ሣጥን ነውና ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚመጣው። ከውጭ የተቀባ ሬንጅ ለዚህ አይደርስለትም። እንዲያውም ደርቆ ሲሰነጠቅ ውሃውን ከጀርባው ይዞ ዝገቱን ይሸሽግለታል። ላቫጆ ላይ የሚረጨው ናፍጣም ከሥር ለጥቂት ጊዜ ቢያወዛም ቶሎ ይሄዳል፤ ጎማ ነክ ክፍሎችንም ይጎዳል።

የሻንሲው መድኃኒት ሰም ነው፤ ደርቆ የሚሰነጠቅ ሳይሆን ለስላሳ ሆኖ የሚቀር፣ ለመረጨት እንዲመች ቀጥኖ የተዘጋጀ ሰም። ባለሙያው ቀጭን ረጅም ቱቦ በሻንሲው ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ይሰድና እየረጨ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይስበዋል። ሰሙ በየመገጣጠሚያው ሰርጎ በታችኛው ጠርዝ ማንጠባጠብ ሲጀምር ያቆማል። ከዚያ የመጨረሻውን ሥራ ይሠራል፤ ቀጭን ሽቦ ይዞ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ወግቶ ይከፍታል። ሰም የደፈነው ቀዳዳ ውሃ ያቁራልና ይህን የዘለለ ሰው ሣጥኑን ጋን አድርጎት ይሄዳል። የሰውን ሙያ መመዘን ካስፈለገ እዚህ ላይ ነው፦ ውሃ ፈጽሞ እንዳይገባ ማድረግ እንደማይቻል አምኖ፣ ለገባው መውጫ አዘጋጅቷል ወይስ አላዘጋጀም?

ችግሩ ይህን ሁሉ ባለቤቱ አያየውም። ክፍያ የሚቆረጠው ግን በሚታየው ነው፤ በቀለሙ ድምቀትና ጋራዡ በያዘው ቀን። ዝገትን በስቱኮ መሸፈን ያተረፈው ከዚህ ነው፤ ጥፋቱም የሠራተኛው ብቻ አይደለም። አሮጌ መኪናውን የሚወድ ሰው ገንዘቡን ለሁለት ይክፈለው፤ ግማሹን ብየዳው አልቆ ቀለም ከመነፋቱ በፊት፣ ላሜራው እርቃኑን ሳለ በዓይኑ አይቶ ይስጥ። ና እይ ብሎ አስቀድሞ የሚጠራ ባትላሜራ ከተገኘ ደግሞ በዋጋው ብዙ መከራከር አያስፈልግም።