ከመክሸፍ የሚጀምር ቴስት

በመሥሪያ ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ የሠራ ፕሮግራመር ፕሮክሲን ያውቀዋል። ጊት ኮድ ለማውረድ ሲነሳ መጀመሪያ እዚያ ይቆማል፤ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያልፈው። ይህ የጊት ክፍል ግን ለዓመታት አንድም ቴስት አልነበረውም። ክፍተቱን እ.ኤ.አ. በ2023 የደፈነው ጄፍ ኪንግ ሲሆን፣ የደፈነበትም በቁጥር 5564 የሚታወቅ አጭር የሼል ስክሪፕት ነው።

የሥራው ጥበብ ጎልቶ የሚታየኝ በመጀመሪያው ቴስት ላይ ነው። ስክሪፕቱ የሚያስነሳው አንድ አፓቼ ብቻ ነው። ሪፖዚተሪውን የያዘው ሰርቨርም፣ ፕሮክሲውም እሱው ነው፤ አድራሻቸውም ፖርታቸውም አንድ። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ ጊት ፕሮክሲውን ጨርሶ ዘንግቶ በቀጥታ ቢሄድ እንኳ ኮዱ ይወርድለታል፣ ቴስቱም «አለፈ» ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው ክሎኑ እንዲሳካ ከመጠየቁ በፊት እንዲከሽፍ ይጠይቃል። ጊትን ያለ ይለፍ ቃል ይልከዋል። መክሸፉም ብቻውን አይበቃውም፤ በስህተት መልእክቱ ውስጥ 407 የሚለውን ቁጥር በግሬፕ ይፈልጋል። ተራ ሰርቨር የይለፍ ቃል ሲፈልግ የሚመልሰው 401 ነው፤ 407 የፕሮክሲ መልስ ነው። ጥያቄው በእርግጥ በፕሮክሲው በኩል እንደሄደ የምታረጋግጠው ይህች አንዲት መስመር ናት፤ እሷ ባትኖር ከኋላዋ የሚመጣውን ስኬት ማመን አይቻልም ነበር።

ሁለተኛው ቴስት በትክክለኛው ስምና የይለፍ ቃል ያልፋል። ካለፈ በኋላ የጊትን የኔትወርክ ትሬስ ከፍቶ አንድ መስመር ይፈልጋል፦ ለፕሮክሲው የተላከውን መታወቂያ፣ ምስጢሩ ተሸፍኖ እንደተጻፈ። መታወቂያው መላኩና የይለፍ ቃሉ በዚያ መስመር ላይ አለመጋለጡ በአንድ ፍለጋ ይረጋገጣሉ።

ሦስተኛው ላይ ስሙ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ ጊት መጠየቅ ያለበት የይለፍ ቃሉን ብቻ ነው። መልስ የሚሰጠው ረዳት ፕሮግራም ግን ስም ቢጠየቅ «ኖባዲ» እንዲል ተደርጓል። ጊት ተሳስቶ ስም ቢጠይቅ የማይሠራ ስም ይቀበላል። ያም ሳይበቃ፣ ምን እንደተጠየቀና በማን ስም እንደተጠየቀ በመጨረሻ ይመረመራል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያስደስተኛል።

በኋላ የተጨመረው ክፍልም ከመጀመሪያው አያንስም። በዩኒክስ ሶኬት ላይ የሚያዳምጥ ትንሽ የፐርል ፕሮክሲ ከጀርባ ይነሳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ጥቂት ሴኮንድ ጠብቅ» ብሎ ያልፋል፤ ፈጣን ማሽን ላይ ጊዜ ይባክናል፣ ቀርፋፋው ላይ ደግሞ ቴስቱ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ይህ ስክሪፕት ግን ፓይፕ ከፍቶ ፕሮክሲው ራሱ «ሬዲ» ብሎ እስኪጽፍ ያነባል። የሶኬቱ ፋይል ስም ሆን ተብሎ በ%30 ይጀምራል፤ በዌብ አድራሻ ውስጥ ይህ የ0 ምልክት ነው። አድራሻው ላይ የሚጻፈው %2530 ነው። ጊት አንዴ ሲፈታው ትክክለኛው ፋይል ይገኛል፤ ሁለቴ ቢፈታው ወይም ጨርሶ ባይፈታው የሌለ ፋይል ይፈልጋል። በፋይል ስም ብቻ ሁለት ስህተቶች ይያዛሉ።

ፋይሉ በጊት የምንጭ ኮድ ውስጥ «ቲ» በሚባለው ፎልደር ይገኛል። ቴስት የምትጽፉ ሁሉ ክፈቱትና ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንብቡት።