ሞተር ይውረድ ከመባሉ በፊት

ሰኔ መግቢያ ላይ በመተማ ቆላ፣ ሽንፋ ውስጥ አንድ ትራክተር ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ከጀመረ ባለቤቱ ከብዙው መካኒክ የሚሰማው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሞተሩ ይውረድ!» ዝናቡ ደርሷል፣ የሰሊጡ መሬት ገና አልታረሰም፣ ጥቁሩ አፈር አንዴ ውኃ ከጠገበ ደግሞ ጎማ አያስገባም። በዚህ ጥድፊያ መሃል ፍርዱ በምን ማስረጃ እንደተሰጠ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሊጠየቅ ግን ይገባል። ሞተር ማውረድና መግጠም በትጋት የሚለመድ ሥራ ነው፤ በመተማም በገንዳ ውኃም እጁ የፈጠነ ልጅ አይጠፋም። እኔ ሙያውን የምመዝነው ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት ባለው ግማሽ ቀን ነው። ጥሩ መካኒክ ዘይቱ በየት በኩል ገብቶ እንደሚቃጠል ይለያል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምን መቃጠል እንደጀመረ ሳያገኝ ሥራ አይጀምርም።

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ የሚያጨሰው ጠዋት ሲያስነሱት ነው ወይስ ማረሻው መሬት ሲነክስ?» ይህች አጭር ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትሠራለች። ቆሞ ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሳ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ካወጣና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጠራ፣ ዘይቱ ሌሊቱን በቫልቮቹ ዘንግ በኩል ጠብ ጠብ ሲል አድሯል ማለት ነው። የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል፣ ወይም ቫልቮቹ የሚመላለሱበት ቀዳዳ ሰፍቷል። ይህ በቴስታታ (ሲሊንደር ሄድ) ሥራ የሚድን ሕመም ነው፤ ፒስተን የሚያስወጣ ነገር የለውም። ጭሱ ሥራ ሲከብድ የሚብስ፣ ሥራ ሲቀል የሚቀንስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፒስተኑ ፋሻ (ሪንግ) ይዞራል። ቱርቦ ላለው መኪና ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ። የዘይት መመለሻው ቱቦ ከተዘጋ ወይም የአየር ፊልትሮው ከታፈነ ደህናው ቱርቦ ራሱ ዘይት ይተፋል፤ ስለዚህ ቱርቦ ይቀየር የሚል ሰው መጀመሪያ ቱቦውን ከፍቶ ማሳየት አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ መጠን ነው። «ዘይት በጣም ይበላል» ማለት ልኬት አይደለም። ስንት ሊትር ተጨመረ? በስንት ሰዓት ሥራ? ለቤት መኪና አንዳንድ አምራቾች በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስን ፍጆታ እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም። ትራክተር ግን በሰዓት ነው የሚቆጠረው። ጥንቁቅ ሰው ትራክተሩን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) እስኪወርድ ጠብቆ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላል፤ ከታወቀ የሥራ ሰዓት በኋላ በዚያው ቦታ መልሶ ይለካል። እዚህ ላይ የሚገኝ ቀላል መፍትሔም አለ። ዘይቱ ከልክ በላይ ከተሞላ ክራንክሻፍቱ እየመታ ስለሚበትነው በፋሻው አልፎ ይቃጠላል። የዚያ ጭስ መድኃኒቱ ትርፉን መቅዳት ብቻ ነው።

የጭሱን ቀለም በመለየት ረገድ የቆላው ሙቀት ራሱ ያግዛል። ደብረ ብርሃን ላይ ማለዳ ከጭስ ማውጫው ማርሚታ የሚወጣ ነጭ እንፋሎት የጤና ነው፤ ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው ውኃ ብርድ ሲያገኘው ለዓይን ይታያል። ሽንፋ ላይ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወር፣ ይህ ሰበብ አይሠራም። እዚህ አልጠፋ ያለ ነጭ ጭስ ዓይን የሚቆጠቁጥና ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ኢንጀክተሩ ይታያል። ራዲያተሩ ውኃ እየጎደለበት ከሆነ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ጋስኬት) ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ እንጂ የዘይት ጉዳይ አይደለም። ጥቁር ጭስ አይቶ ፋሻ እንቀይር የሚል ካጋጠመዎ ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ።

ለዚህ አካባቢ መኪና ከማንኛውም የምርመራ መሣሪያ የማስበልጠው ከመተማ በአይከል በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣውን መንገድ ነው። አይከል ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በቤንዚን የሚሠራ መኪና ቁልቁለቱን በማርሽ ተይዞ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ሲወርድ ሞተሩ ውስጥ ብርቱ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ ጎሚኒው የደከመ ቫልቭ ዘይቱን ማሳለፍ ይጀምራል። ታች ሜዳው ላይ ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ከኋላ ሰማያዊ ደመና ከተነሳ ጥፋቱ የቫልቭ ነው። ሾፌሩ ራሱ አያየውም፤ ከኋላ የሚከተል ሌላ መኪና ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር የሚገባውን አየር ስለማያፍን በዚህ ፈተና ብዙም አይያዝም፤ እሱን የሚያጋልጠው ሽቅቡ ነው። ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና ዳገቱን ሲይዝ ሰማያዊ ካጨሰ ፋሻው ይታሰብበት። ጥቁር ካጨሰ ግን አይቸኩሉ፤ ከመተማ እስከ አይከል የአየሩ ግፊት ከ10 በመቶ በላይ ስለሚቀንስ፣ ቱርቦ የሌለውና የነዳጅ ፖምፓው ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋው ላይ ጥቁር ማጨሱ አይቀርም። ያው መኪና ገንዳ ውኃ ሜዳ ላይም ጥቁር የሚያጨስ ከሆነ ያኔ በሽታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥፋቱ የፋሻ ነው ተብሎ ቢረጋገጥ እንኳ «ለምን?» የሚለው ገና አልተመለሰም። ለእኔ ጥሩውን ከተራው የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ዕድሜው ያልገፋ ሞተር ፋሻው ካለቀ በቆላው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። የማውቃቸው ምርጥ እጆች ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፈትተው በነጭ ጨርቅ ውስጡን ይጠርጋሉ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ሌላ ምክንያት ይፈልጋሉ። ቡናማ ከወጣ ፍለጋው አልቋል፤ የቀረው ቀዳዳውን ማግኘት ነው። የላላ ማሰሪያ፣ ከሥር የተሰነጠቀ ጎማ፣ ወይም በኮምፕረሰር አየር በተደጋጋሚ ተነፍቶ የተበሳ የወረቀት ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮው ውስጥ ጨለማ ቦታ ላይ አምፖል ሲገባበት ብሱ እንደ ነጥብ ይበራል።

የቀድሞዎቹ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች አየሩን የሚያጠሩት በዘይት ሳህን ነው። ሳህኑ ውስጥ ያለው ዘይት ጭቃ ከሆነ ማጣሪያ የለም ማለት ነው። ከምልክቱ በላይ ከተሞላ ደግሞ ሞተሩ ከሳህኑ ዘይት ስቦ ሰማያዊ ያጨሳል፤ ፋሻው ምንም ሳይሆን። በሽንፋ ወንዝ ዳር የሚሠራ የመስኖ ፖምፕም ያው ነው፤ በበጋ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ሞተሩ ደረቅ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚስበው አየር ንጹሕ አይደለም። መንገዱ ያልተዘጋ አቧራ አዲሱንም ፋሻ ይበላዋል፤ ባለቤቱም በዓመቱ ያንኑ ገንዘብ መልሶ ያወጣል።

ከመበላት ሌላ መፍሰስ አለ። ዘይት ሲፈስ በስበት ወደ ታች፣ በነፋስ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከታች የሚንጠባጠብበት ቦታ ምንጩ አይደለም። የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ከኋላ ሲያፈስ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ የክራንክሻፍቱ ፓራኦልዮ (የዘይት ማሸጊያ) የተበላሸ ይመስላል፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በከንቱ ይወርዳል። ጥሩው መካኒክ ሞተሩን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጥቂት አስነስቶ ከላይ ወደ ታች እያየ የመጀመሪያዋን እርጥብ ቦታ ይፈልጋል። የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦም ይከፍታል፤ እሱ ከታፈነ ውስጡ የታመቀው ግፊት በየፓራኦልዮው ዘይት ያስወጣል፤ የቱንም ያህል ቢቀየር መፍሰሱ አይቆምም።

አንድ ቀላል ፈተና በቅርብ ማየት ደስ ይለኛል። ሞተሩ ሞቆ ከቆመ በኋላ ከዘይት መለኪያው ብረት አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ትጣላለች፤ ወረቀቱ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ጥቁሩ መሃል ላይ ተከማችቶ ከቀረ ዘይቱ ጥላሸት የመሸከም አቅሙን ጨርሷል። ከዳር የሰፋ ቀላል ቀለበት ከታየና ወረቀቱ ናፍጣ ከሸተተ ነዳጅ ገብቶበታል፤ ሳይጨመርበት መጠኑ የሚያድግ ዘይትም ይህንኑ ይናገራል። ሌላ ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ስትጣል ከተንጣጣች ውኃ አለበት። ጥቁርነቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ሰዓት ይጠቁራል።

መጨረሻ ላይ የኮምፕረሽን መለኪያው ይመጣል። እዚህ የሚታየው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን ሲሊንደሮቹ መተካከላቸው ነው። ሦስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ ከወረደ በእሱ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል፤ ከጨመረ ፋሻ፣ ካልጨመረ ቫልቭ ነው። በናፍጣ ሞተር ዘይቱ እጅግ ጥቂት መሆን አለበት፤ ፈሳሽ ስለማይጨመቅ ከበዛ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። ከዚህም የረቀቀው ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁሞ የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ ማስገባትና ጆሮን መስጠት ነው። ፉጨቱ ከማርሚታ ከመጣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ ከዘይት መሙያው ከመጣ ፋሻው፣ ራዲያተሩ ውስጥ ከፈላ ጓርኒሲዮኑ ነው።

በዚሁ ፈተና ነው የአውሮፓና የጃፓን ስፖርት መኪናዎችም የሚመረመሩት። በደቂቃ እስከ 9000 ዙር የሚደርሰው የፖርሽ 911 ጂቲ3 ሞተርና ከ2000 ብዙም የማያልፈው የማሴ ፈርጉሰን ፐርኪንስ ለመርማሪው የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው። ሆኖም የሞተሩን ጠባይ ሳያውቁ መፍረድ ያሳስታል። ፖርሽ 911 ሲሊንደሮቹ ስለተጋደሙ ቆሞ ሲያድር ጥቂት ዘይት ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አንዳንዴ ጠዋት ማጨሱ በሽታ ላይሆን ይችላል። የማዝዳ አርኤክስ-7 ሮታሪ ሞተር ደግሞ ዘይት እንዲበላ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ዘይቱ ማቃጠያው ውስጥ ያሉትን ማሸጊያዎች ያለሰልሳል። እኛ ዘንድ ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ የሚነዳ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክልም እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊ ጭሱ ጠባዩ ነው።

ያገለገለ መኪና ወይም ትራክተር የሚገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ቢይዝ፣ ሻጩ ሳያስነሳው ማለዳ ይድረስና ሞተሩን በእጁ ይንካ። ቀድሞ ሞቆ ከጠበቀው ምርመራው ለሌላ ቀን ይዛወር። ወፍራም ዘይት የተሞላበት ሞተር ለጥቂት ቀን ጭሱን ይደብቃል።

መውረዱ ግድ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ከዚህ ይመዝኑት። የተከፈተው ሞተር በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ካላደረ የሽንፋ ነፋስ አቧራውን መልሶ ያስገባዋል። አዲሱ ፋሻ ፒስተኑ ላይ ከመግባቱ በፊት ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት መለካት አለበት። የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት የሚያበራ ከሆነ ፋሻው አይቀመጥበትም፤ የተጠላለፈ ስስ ጭረት ሊታይበት ይገባል። በርካታ ባለቤት የሚሳሳተው ግን ከተገጠመ በኋላ ነው። የታደሰውን ሞተር ለማለማመድ ብለው ቀኑን ሙሉ በባዶ ያስነሱታል፤ ፋሻው ግፊት ስለማያገኝ ግድግዳውን እያለሰለሰ ይውላል፣ ዘይት መብላቱም ይቀጥላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መካከለኛ ሥራ ላይ መግባት፣ ፍጥነቱን መለዋወጥ፣ በየዕለቱ ዘይቱን መለካት፣ ከመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት በኋላም ዘይቱንና ፊልትሮውን መቀየር አለበት። ይህን ሳይነግር ሒሳቡን ተቀብሎ የሚሸኝ መካኒክ ሥራውን አልጨረሰም።