በቅሎ የሚያስይዝ ሙግት

የለንደን ጠበቆች ማኅበራት የሚያስቀኑኝ በአዳራሾቻቸው ሳይሆን በራታቸው ነው። ሊንከንስ ኢን የሚባለው ማኅበር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1422 ጀምሮ የራሱን ጉዳይ «ጥቁር መጻሕፍት» በሚላቸው መዝገቦች ሲጽፍ ኖሯል። እዚያም ሆነ በግሬይስ ኢን፣ በኢነር ቴምፕልና በሚድል ቴምፕል፣ ለጥብቅና የሚሰናዳ ወጣት ሕጉን ጠንቅቆ ቢያውቅ እንኳ ከማኅበሩ ገበታ ቀርቦ የተወሰነ ጊዜ ራት ሳይበላ ጠበቃ አይሆንም ነበር። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን ጀማሪው ትልልቆቹ ምን እንደሚናገሩ፣ የት ላይ ዝም እንደሚሉ፣ ምን ዓይነት ሙግት እንደሚያሳፍር ያየው እዚያ ገበታ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም፤ የነበረን ገበያ ነው። ይፋግ ዛሬ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን የሚሄድ መኪና ዞር ብሎ ሳያያት የሚያልፋት ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን አሞሌ ጨው የሚራገፍባት፣ ነጋዴ ከየአገሩ የሚገናኝባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ገበያ ባለበት ደግሞ ሙግት አለ። በዚያ ዘመን የነጋዴ ጠብ ወደ ነጋድራስ ይሄዳል፣ የርስት ጠብ ወደ አገረ ገዥው። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች ግን የሚያልፈውን ሽማግሌ «በሕግ አምላክ፣ ዳኘን» ብለው ያስቆሙታል፤ እሱም ጉዳዩ ባይጥመውም እንኳ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማል። የኛ ሙያ የተወለደው እዚህ ነው፤ ሰው ቆሞ በሚያዳምጥበት ሜዳ።

የድሮ ሙግት ሲነሳ ሁሉም የሚያስታውሰው «በላ ልበልሃ»ን ነው፦ ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ቤት እየመታ የሚናገረውን ተሟጋች። ግጥሙ እውነትም ያምር ነበር። እኔ ግን ግጥሙ ከሚገባው በላይ ተወድሷል ባይ ነኝ። የሙያው ጉልበት ያለው ሌላ ቦታ ነበር፤ በተጠየቅና በውርርድ። ተሟጋቹ «ተጠየቅ» ብሎ ባላጋራውን አንድ ነጥብ ላይ ያቆመዋል። ያኛው ክዶ ከጸና፣ ተሟጋቹ በነገሩ ላይ ውርርድ ይገባል፤ ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ። ባላጋራውም ይቀበላል ወይም ያፈገፍጋል። ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ በዚያች በአንዷ ነጥብ የተረታው የተወራረደውን ለዳኛው ይከፍላል። ስለዚህ ተሟጋች አፉን ከመክፈቱ በፊት ስለ በቅሎው ያስባል። ምስክር የሌለውን ነገር ያልፈዋል። ስድብ ውስጥ አይገባም፣ ስድብም ያስወራርዳልና። ጭብጥ የሚባለውን ነገር ዛሬ ዳኛው ከክርክራችን ፈልፍሎ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ግን ተሟጋቾቹ ራሳቸው በገንዘባቸው ይመሠርቱት ነበር።

በርስት ሙግት ይህ ሥርዓት ይበልጥ ይከር ነበር። ጎንደር ርስት በትውልድ የሚቆጠርበት አገር ስለሆነ፣ ተሟጋች እስከ አቅኚው አባት ድረስ የአያት የቅድመ አያት ስም ሳያቋርጥ መቁጠር ነበረበት። አንድ ስም ቢሳሳት ባላጋራው እዚያው ይይዘዋል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብም ዘሩን ያውቃልና ያጉረመርማል። ለነገር አዋቂ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነፍገውም ይኸው ማጉረምረም ነበር። ከላይ በንጉሡ ችሎት ደግሞ ፍርድ የሚሰጠው ከበታቹ ወንበር ተጀምሮ ነበር። ትንሹ መጀመሪያ አስተያየቱን ይናገራል፣ ትልቁ ይከተላል፣ ንጉሡ መጨረሻ። ትንሹ የትልቁን አፍ አይቶ እንዳይናገር ይህን ያሰበ ሰው ችሎትን በደንብ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። በ1900 ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። በ1934 የፍርድ ቤቶች አዋጅ ወጣ፣ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ፋኩልቲ በ1956 ተከፈተ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም እንዲቀር አልመኝም። ውርርዱንም አልናፍቅም፤ በቅሎ የሌለው ሰው እውነት ይዞም ቢሆን አንደበቱ ይታሰር ነበር። ግን ወረቀት ርካሽ ነው። ዛሬ አዲስ ዘመን ወይም ወረታ ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ራፖር ጸሐፊ ባለጉዳዩ ያለውን ሁሉ፣ ያላለውንም ጨምሮ ይጽፍለታል። እኛ ፈቃድ ያለንም ብዙ አንሻልም። መከላከያ መልስ ስንጽፍ «ክዶ መከራከር አይጎዳም» እንላለን። ክህደት ምንም ስለማያስከፍል ሁሉንም እንክዳለን።

ዋጋውን የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነው፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተደራረበ። የፎገራ ሜዳን ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ይህን ያውቃል። ውኃ የሚተኛበትና ለግጦሽ ይተው የነበረው መሬት ሩዝ ከገባ ወዲህ ተፈላጊ ሆኗል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ድንበር ይጠፋል። ክርክሩ ሲመጣ ታዲያ እውነተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ድንበሩ ከጎርፉ በፊት የት ነበር? በዚህ ፈንታ ክሱ የይዞታ ደብተሩን፣ የውርሱን፣ የኪራይ ውሉን፣ የስድቡን ነገር አጭቆ ይመጣል። ፋይሉ ወፍሮ በይግባኝ ደብረ ታቦር ይደርሳል፣ ድንበሩ ግን ገና አልተጠየቀም።

እኔ ይህን ለመግታት የራሴ ዘዴ አለኝ። ባለጉዳይ ቢሮዬ መጥቶ ሲተርክ ብዕር አላነሳም። እስኪጨርስ እሰማዋለሁ። ከዚያ፦ «አያ፣ ካሉት ሁሉ በቅሎ የሚያስይዙበት የትኛው ነው?» እላለሁ። ሽማግሌ ከሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ይስቃል፤ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ነገር ይለይልኛል። ወጣቱ ግን «ሁሉም!» ይላል፤ ከእሱ ጋር ረጅም ሥራ አለን። መስቀለኛ ጥያቄም ላይ እንዲሁ ነው። ምስክሩን ብዙ የሚጠይቅ ጠበቃ ለባላጋራው ይሠራል። የድንበሩን ጉዳይ የያዘ ሰው ምስክሩን «ጉድቡን ማን ቆፈረው? በየትኛው በኩል ነው አፈሩ የተጣለው?» ብሎ ይቀመጣል።

ማኅበርን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ጠበቆች ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፈቃደኝነት ተሰባስበዋል። ነገር ግን ሕግ ራሱ ያቋቋመው፣ ፈቃድ ያለው ሁሉ አባል የሚሆንበት የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር የመጣው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። እሱም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚሠሩት ነው፤ እኛ የክልል ጠበቆች ፈቃዳችንን ከክልሉ ፍትሕ ቢሮ እንወስዳለን። የፌዴራሉ የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ማዘዙ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ በቅሎ ለሌለው ሰው የደረሰ ዕዳ ይመስለኛል። ከማኅበር ግን ከዲሲፕሊንና ከመዋጮ ሌላ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፦ ጀማሪዎች የሚሰሙበትን ቦታ። አዳራሽ አያስፈልግም፣ ራትም አያስፈልግም። ከሥሬ የሚሠሩ ልጆችን ችሎት ስገባ ያለ ፋይል ከኋላ አስቀምጣቸዋለሁ። ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፦ ዛሬ ከተናገርኩት ውስጥ ዳኞቹ ያልሰሙት ክፍል የትኛው ነው? መጀመሪያ የሚመልሰው ከሁሉም ታናሹ ነው።