እንጨት የማይነካ ክር

ማሲንቆ ሲመታ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ተጫዋቹ ግራ እጅ ነው። ከፈረስ ጭራ የተሠራው ክር ከአንገቱ እንጨት ራቅ ብሎ የተወጠረ ስለሆነ፣ ጣቶቹ ከጎን ጠጋ ብለው ይነኩታል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫኑትም። ጣቱ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት የለም፤ ጆሮው ነው የሚመራው። ሰንዳፋ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ያየሁት ተጫዋች ኦሮምኛና አማርኛ እያፈራረቀ ይዘፍን ነበር። ደጋኑን ዕጣን ቀባ ቀባ አድርጎ ጀመረና፣ ከፍ ያለችውን ድምፅ ከታች እያንሸራተተ አምጥቶ ልትደርስ ስትል ጥቂት አዘገያት። ሠርገኛው እልል ያለው እዚያች ላይ ነው። ግጥሙን ጨርሶ አፉን ሲዘጋ እንኳ እጁ አላረፈም፤ የመጨረሻዋን ስንኝ ዜማ ያለ ቃል ደገማት።

ይህንኑ ጥበብ በአሜሪካ የገጠር ዘፈን፣ ካንትሪ በሚሉት ውስጥ ሳገኘው ልቤ ይሞላል። ዘፋኙ ሃንክ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1952 ናሽቪል ውስጥ «ዩር ቺቲን ሃርት»ን ሲያስቀርጽ ስቲል ጊታር የተጫወተለት ዶን ሄልምስ ነበር። ስቲል ጊታር አግድም ተጋድሞ ነው የሚመታው፤ የግራው እጅ የብረት ዘንግ ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ ክሩም እንደ ማሲንቆው እንጨት ሳይነካ ይጮኻል። በሁለቱም ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው።

የሄልምስን ትዕግሥት ልብ ብላችሁ ስሙት። መግቢያውን ይመታና ዘፋኙ ሲጀምር ገለል ይልለታል፤ ስንኙ ሲያልቅ ከዘፋኙ ድምፅ በላይ ከፍ ባለ ቀጭን ድምፅ ይመልስለታል። ሁለቱ አይሻሙም። ዘፈኑ ከ3 ደቂቃ ያነሰ ነው፤ አንድም የባከነ ምት የለበትም። ዊሊያምስ ግን የዘፈኑን ዝና አላየም፤ በ29 ዓመቱ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1953 አረፈ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናን፣ ዋሽንትንና እምቢልታን በአንድ መድረክ አሰባሰበ። ከማሲንቆ ተጫዋቾቹ አንዱ ጌታመሳይ አበበ ነበር። በሰላም ጓድነት የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን ማሲንቆ የተማረው ከእሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ አሜሪካን ሲዞርም አብሮ ተጫውቷል። የፊድል፣ የካንትሪው ቫዮሊን፣ አገር ልጅ አንዲት ክር ለመግራት ጌታመሳይ ፊት መቀመጡ የሚገባው ክብር ነበር እላለሁ። የኦርኬስትራው ሥራዎች ኢትዮፒክስ በተሰኘው የአልበም ስብስብ 23ኛ ቅጽ ታትመዋል። ስትሰሙት ዋሽንቱ ቶሎ ጆሮ ይወስዳል፤ እናንተ ግን ማሲንቆውን ተከተሉ፣ በተለይ ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ።