አጭር ነሽና አግድም አትልበሽ!

የጋዜጦቻችን የውበት ዓምዶች ለሴት ምን እንደሚያምርባት ሲመክሩ ከጉድለቷ ይጀምራሉ። አጭር ከሆንሽ አግድም መስመር አትልበሽ፣ ዳሌሽ ሰፊ ከሆነ ወገብሽ ላይ ምንም አትጨምሪ። ኧረ እባካችሁ! ነሐሴ 16 ቀን ሰቆጣ ሂዱና እዩ። የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ነው የሚጨፍሩት። ዳሌ ሲወዛወዝ አብሮ ይወዛወዛል፤ ሊደብቅ አልታሰረም። አጭሯም ረጅሟም፣ ቀጭኗም ወፍራሟም ያንኑ ታስራለች።

ደግሞስ ሕጉን ማን አጸናው? የጀርመኑ ሊቅ ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተቃራኒውን ጽፎ ነበር፤ በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2011 በሴት ምስል ሞክረው አግድም መስመር አያወፍርም ብለዋል።

ምክር ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ከደረት እስከ እግር የሚወርድ ጥልፍ ዓይንን ቁልቁል ይመራል፤ መቀነት ከፍ ተደርጎ ሲታሰር እግር ይረዝማል። ይህንን ጥሩ ልብስ ሰፊ ያውቀዋል፣ ለክቶ ነዋ የሚሰፋው! ገበያውን የሞላው በማሽን የታተመ የሐበሻ ቀሚስ ግን ለማንም አልተለካም። አጭሯ ገዝታ ስታሳጥረው የታችኛው ጥለት አብሮ ታጥፎ ይቀራል። ዓምደኞቹ ስለዚህ ትንፍሽ አይሉም፤ ለእነሱ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ቁመቷ ነው።