የቲሟን ማድረስ ወይስ ማሳደግ?

የካውቦይ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የፈረስና የሽጉጥ ግርግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የፖል ግሪንግራስ ፊልም «ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ» ግን ከግርግሩ ይልቅ በሁለት ሰዎች ላይ ያተኩራል።

ጊዜው 1870፣ ቦታው የእርስ በርስ ጦርነት ቁስሉ ያልሻረላት የአሜሪካ ግዛት ቴክሳስ ነው። ካፒቴን ኪድ (ቶም ሃንክስ) በጦርነቱ ከተሸነፈው ወገን የነበረ፣ አሁን ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሕዝብ ጋዜጣ በማንበብ ከየአድማጩ አሥር ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ነው። መንገድ ላይ ያገኛት ጆሐና ደግሞ ገና ሕፃን ናት። ወላጆቿን ካዮዋ የተባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ገድለው እነርሱው አሳደጓት፤ ኋላም አሳዳጊዎቿን አጣች። ሁለት ጊዜ የቲም ሆነች ማለት ነው! እሷ እንግሊዝኛ አታውቅ፣ እሱ የካዮዋዎችን ቋንቋ አይችል። ሆኖም 400 ማይል ተጉዞ ለአክስቷና ለአጎቷ ሊያስረክባት ይነሳል።

የፊልሙ ልብ ያለው በተኩሱ ሳይሆን ልጂቱ ወላጆቿ ወደተገደሉበት ባዶ ቤት በገባችበት ትዕይንት ነው። ኪድ ያለፈውን ረስተን ወደፊት እንሂድ ባይ ነው። እሷ ግን ወደፊት ለመሄድ አስቀድሞ ማስታወስ እንደሚያስፈልግ ትነግረዋለች። ቃሉ የሚነካው እሱን ነው፤ የሸሸው የሚስቱ መቃብር ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ይጠብቀዋልና።

ኪድ አደራውን ያደርሳል። ዘመዶቿም ይቀበሏታል፤ ግን ለእርሻ ሥራ እንጂ ለልጅነቷ ቦታ የላቸውም። ተመልሶ ሲመጣ በገመድ ታስራ ያገኛታል። ያኔ ማድረስና ማሳደግ የተለያዩ መሆናቸው ይገባዋል፤ ይዟትም ይሄዳል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ነበሩ፤ አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ፣ ኋላም አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተንከባክበው አሳደጓቸው። ዝምድና ማለት ይህ ነው። የሟች ዘመዳችንን ልጅ ለቤት ሥራ አምጥተን «እያሳደግን ነው» የምንል ግን ስንቶቻችን ነን?

ፊልሙ ጉድለት አለበት። ካዮዋዎቹ በአቧራ መሐል ከሩቅ ታይተው ያልፋሉ። ልጂቱ የምታዝንላቸውን ሰዎች አለማወቃችን ሐዘኗን ከግማሽ በላይ ይሸፍንብናል። ግድያና ልጅቷን በገንዘብ ሊገዙ የሚሹ ወንበዴዎች ስላሉበትም ለሕፃናት አይሆንም። ለወላጆች ግን፣ በተለይም የዘመድ ልጅ በቤቱ ላለ፣ አይቶ ወደ ራሱ ጓዳ ቢመለከት ይበጀዋል።